በትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ለጂፒኤስ አስተማማኝ መያዣ አመራረጥ

ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ በትንሽ አውሮፕላን የሚነሣ አብራሪ የተንቀሳቃሽ ጂፒኤሱን መያዣ ሲመርጥ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው፣ በዙሪያው ካሉት ተራሮች የሚነሣው ነፋስ አውሮፕላኑን ሲያናውጠው መሣሪያው ተነቅሎ ከእግር መርገጫዎቹ ሥር እንዳይገባ ነው።

መስታወት ላይ የሚለጠፈው የጎማ መያዣ ርካሽና ለመግጠም ቀላል ቢሆንም፣ የሚይዘው በአየር ግፊት ስለሆነ፣ ከባሕር ጠለል ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በዚህ ማረፊያ ገና ሳይነሣ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን አጥቷል፤ ከፍታው ሲጨምር ደግሞ ይበልጥ ይላላል። ይህንኑ የመረጠ ሰው መስታወቱን በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ይወልውል እንጂ አልኮል ወይም አሞኒያ ያለበት ማጽጃ አይጠቀም፤ የአብዛኞቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች መስታወት ፕላስቲክ በመሆኑ ይሰነጣጠቃልና። መሣሪያውንም በቀጭን ገመድ ከጠንካራ ነገር ጋር ይሰረው።

በእኔ ግምት የተሻለው መሪው ላይ በብሎን የሚጠብቀው ነው። ሆኖም ከተገጠመ በኋላ መሪውን እስከ ጥጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያንቀሳቀሱ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ የትም አለመጠላለፉን፣ መሣሪያውም ጉልበት አለመንካቱን ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

በደሴ ሱቆች ለመኪና የሚሸጡት ባለ ማግኔት መያዣዎች፣ የቱንም ያህል ቢመቹ፣ ኮምፓሱን ስለሚያሳስቱ ለአውሮፕላን አይሆኑም።