በርሜሉ ለምን አይሞላም? ውሃውስ ለምን ይሸታል?

የዝናብ ውሃ ለመያዝ ጣራ ስር በርሜል መደቀን ለለገጣፎ፣ ለሰበታ ወይም ለኮዬ ፈጬ ሰው አዲስ አይደለም። ጣጣው የሚመጣው ያገለገሉ በርሜሎችንና ጀሪካኖችን በቱቦ አገጣጥሞ ማጠራቀም ሲጀመር ነው። ብልሽቱ በርሜሉ ላይ ቢታይም መነሻው ብዙ ጊዜ ከላይ ነው፤ ስለዚህ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ጣራውን እዩ።

ዶፍ ዘንቦም በርሜሉ አልሞላም

በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። ስለዚህ 40 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 400 ሊትር ወርዷል፤ ጥቂቱ ቢባክንም ባለ 200 ሊትሩ በርሜል መሙላት ነበረበት። ካልሞላ አሸንዳው ላይ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱ። ውሃው የሚቆምበት ቦታ ካለ ተዳፋቱ ጠፍቷል፤ ማሰሪያውን አስተካክሉ፣ በየ2 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ይበቃል። ውሃው አሸንዳውን ዘሎ የሚያልፍ ከሆነ ወደ ቆርቆሮው ጫፍ አስጠጉት። በረዶ ከጣለ በኋላ ደግሞ የባህር ዛፍ ቅጠል መውረጃውን ደፍኖት እንደሆነ እዩ።

ውሃው ሻይ መስሏል ወይም ይሸታል

ሁለት መነሻ አለው፤ ባታምታቱት ጥሩ ነው። አንደኛው የበጋ አቧራ፣ ቅጠልና የወፍ ኩስ ነው። መፍትሄው የመጀመሪያውን ውሃ አለማስገባት ነው። መውረጃው ላይ ቲ (ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ) ገጥማችሁ አንዱን አፍ ወደ 20 ሊትር ጀሪካን አውርዱ፤ ቆሻሻው እዚያ ይቀርና ጀሪካኑ ሲሞላ ንጹሁ ወደ በርሜሉ ያልፋል። ለ40 ካሬ ጣራ ይህ መጠን ይበቃል፤ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ግን ጀሪካኑን ድፉት።

ሁለተኛው የበርሜሉ ታሪክ ነው። ምናለሽ ተራ ርካሽ በርሜል ሞልቷል፤ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ምን ተይዞበት እንደነበር ጠይቁ። የፀረ ተባይ ወይም የኬሚካል በርሜል ከሆነ በኦሞ አይለቅም፤ ለቤት ውሃ አትጠቀሙበት። ማፍላትም ሆነ ውሃ አጋር የተባለው የውሃ ማከሚያ ጀርም ይገድላል እንጂ ኬሚካል አያወጣም። ንጹህ በርሜል ቢሆንም ለመጠጥ አፍሉት፤ በአዲስ አበባ ከፍታ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

አረንጓዴ ሆኗል፣ ትንኝ ፈልቶበታል

አረንጓዴ የሚሆነው ብርሃን ስለገባው ነው፤ ትንኝ የሚፈላው ደግሞ ክፍት ቦታ ስላገኘ ነው። በርሜሉን በማዳበሪያ ጠቅልሉ፤ አፉንና የትርፍ ውሃ መውጫውን በደቃቅ ወንፊት ሸፍኑ።

ቧንቧው ሥሩ ያንጠባጥባል

በጋለ ብረት የተበሳ ቀዳዳ ክብ አይሆንም፤ ሲሊኮንም ፕላስቲክ በርሜል ላይ አይዝም። ቀዳዳውን በድሪል አስተካክሉና ከውስጥም ከውጭም ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ አድርጋችሁ በዳዶ አጥብቁ።

ውሃው እየተቆራረጠ ይወርዳል

ክዳኑ ግጥም ብሎ ተዘግቶ አየር አጥሮታል። ከላይ ትንሽ ቀዳዳ ብሱና በወንፊት ሸፍኑት።

በርሜሉ አዘንብሏል

ይህን ለነገ አታሳድሩ፤ የሞላ በርሜል ከ200 ኪሎ በላይ ስለሆነ ልጅ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በርሜሉን ባዶ አድርጉ፣ ዋልካውን ቆፍራችሁ ጠጠር ሙሉበት፣ ብሎኬት ደርድራችሁ መልሱት፤ የትርፍ ውሃውን ቱቦም ከመሠረቱ አርቁ።