ቋሚው ቧንቧ ከሥሩ የሚሰነጠቀው ለምንድን ነው?

ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ የሚወጣው የብረት ቧንቧ እታች ባለው ኤልቦ (መታጠፊያ) ላይ ያንጠባጥባል። ቃጫ ተጠምጥሞ ይጠብቃል፤ ወር ሳይሞላው እንደገና ያንጠባጥባል። በሦስተኛው ዙር ኤልቦው ራሱ ይሰነጠቅና «ዕቃው አይረባም» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ሦስት ጊዜ ከተቀየረ ግን ዓይናችሁን ወደ ፎቆቹ አንሡ።

ግድግዳው 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ 4 ኢንች የብረት ቧንቧ በሜትር 16 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በሜትር 8 ሊትር ውኃ ይይዛል። በ30 ሜትር ቁመት ብረቱ ወደ 5 ኩንታል፣ ውኃው ወደ 2 ኩንታል ተኩል ይደርሳል። ቀጥ ብሎ የቆመ ቧንቧ ግድግዳው ውኃ አይሸከምም፤ የውኃው ጭነት በግፊት መልክ ወርዶ ኤልቦው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከኤልቦው ሥር የብረት እግርና የኮንክሪት መቀመጫ ግዴታ ነው። ብረቱን ግን ፎቆቹ በክላምፕ፣ ማለትም ቧንቧውን አቅፎ ሁለት ጆሮዎቹ የፎቁ ወለል ላይ በሚያርፉ ማሰሪያ፣ መካፈል አለባቸው። ካልተካፈሉ 5ቱም ኩንታል እዚያው ኤልቦ ላይ ይጫናል።

ደጋግሜ የማገኘው ይህን ነው፦ ክላምፕ በየፎቁ አለ፣ የሚሸከም ግን የለም። በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብሎኑን በጣቴ ፈታሁት። በሌላው ጆሮዎቹና ሶሌታው (የፎቁ ወለል) መካከል ሁለት ጣት ይገባል፤ ክላምፑ ቧንቧውን ያቅፋል እንጂ የሚያርፍበት የለውም። ቧንቧው የሚያልፍበት የሻፍቱ በር አልዘጋ ስላለው አንዱን ጆሮ በመጋዝ የቆረጠ አናጺም አጋጥሞኛል። አንድ ሆቴል ውስጥ ደግሞ ከኤልቦው ሥር እንጨት ተሸጉጦ ነበር፤ እርጥበቱ አበስብሶት እንደ ዳቦ ተፈረፈረ። ግድግዳ ላይ የሚመታው የዩ ቅርጽ ማሰሪያ ቧንቧው እንዳይወዛወዝ ይይዛል፤ ክብደት አያነሣም። በጣት የሚታጠፍ ስስ ክላምፕ ከሆነማ ባትገዙት ይሻላል።

ጥገናው እንዲህ ነው። ውኃውን ዝጉ፣ አፍስሱ። በየፎቁ ያሉትን የቅርንጫፍ ዩኒየኖች (የሚፈቱ መጋጠሚያዎች) ፍቱ፤ ይህን የዘለለ ሰው የላይኛውን ቲ (ቅርንጫፍ የሚወጣበትን መጋጠሚያ) ሰብሮ ይወርዳል። ከሥር ክሪክ አስገብታችሁ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ አንሡ። ከክሪኩ ሥር ማንም አይግባ! ሁለቱም ጆሮ ሶሌታው ላይ እኩል ሲቀመጡ ክላምፑን ብረት በብረት አጥብቁ፤ በመካከል ጎማ ካለ ቧንቧው ይንሸራተታል። መቀመጫውን ሥሩ፣ ሲደርቅ ክሪኩን ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ከእያንዳንዱ ክላምፕ በላይ በጠመኔ መስመር አስምሩና በሳምንቱ ተመለሱ። መስመሩ ወደ ክላምፑ ከገባ እየተንሸራተተ ነው።



የሙቅ ውኃ መስመር ሌላ ነገር ነው። ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር 30 ሜትር ብረት 14 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ያልተጠናከረ ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) ደግሞ 180። ሁሉንም ክላምፕ ካጠበቃችሁት እንደ እባብ ይጠማዘዛል። መካከል ላይ አንድ ቦታ አጽንታችሁ እሰሩ፤ ሌሎቹ ይምሩት እንጂ አይነቁት፣ ቅርንጫፎቹም የሚተጣጠፉበት ቦታ ይኑራቸው።