ለነዳጅ ፍለጋ ሶፍትዌር ስትሠሩ መልሱን ቀድማችሁ አታሳዩ

ነዳጅ ፈላጊ ጂኦሎጂስቶችን ውሳኔ ላይ የሚያግዝ ሶፍትዌር ልትሠሩ ከሆነ፣ መጀመሪያ አጠገባቸው ቁጭ በሉ። እዚህ ሂውስተን አዲስ ለሚገቡ ልጆች ሁሌም የምነግራቸው ይህንን ነው። «ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ጂኦሎጂስቱ ሳይዝሚክ ምስሉ (በድምፅ ሞገድ የተነሳ የከርሰ ምድር ምስል) ላይ መስመር ያሰምራል፣ ያጠፋል፣ የአጎራባች ጉድጓድ መረጃ ከፍቶ ያያል፣ ተመልሶ ያሰምራል። የሚያስበው በዚያ መመላለስ ውስጥ ነው። የናንተ ፕሮግራም ያንን መመላለስ ካቆመበት ይተወዋል።

በ1980ዎቹ ለነዳጅ ኩባንያዎች የቴክኒክ አገልግሎት የሚሰጠው ሽሉምበርገር «ዲፕሜትር አድቫይዘር» የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ሠርቶ ነበር። በጉድጓድ ውስጥ የተለካውን የአለት ንጣፎች ዝንባሌ እያየ የከርሰ ምድሩን አቀማመጥ ይተረጉማል። ኮዱ ሲከፋፈል፣ ከባለሙያዎች ከተወሰዱ ሕጎች ተነስቶ ድምዳሜ ላይ የሚደርሰው ክፍል 8 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ተጠቃሚው የሚያየውና የሚነካው 42 በመቶ ነበር። እቅዳችሁ ስክሪኑን መጨረሻ ላይ ካስቀመጠው፣ ከአሁኑ ቀይሩት።

አጥብቄ የምከራከርበት ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው አንድ ቁጥር ካየ በኋላ ግምቱ ወደዚያው ይሳባል። ስለዚህ ጂኦሎጂስቱ መጀመሪያ የራሱን ግምት ያስገባ፣ ግምቱ ይቆለፍ፣ የማሽኑ መልስ ከዚያ በኋላ ይታይ። ሁለቱ በጣም ከተራራቁ፣ ስብሰባው መነጋገር ያለበት እሱ ላይ ነው።

ደግሞ አንድ ትርጓሜ ብቻ እንዲመርጥ አታስገድዱት። ክሌር ቦንድና ባልደረቦቿ በ2007 ባሳተሙት ጥናት ሰው ሠራሽ ሳይዝሚክ ምስል ለባለሙያዎች ሰጥተው 412 ትርጓሜ ሰበሰቡ። ምስሉ ከተሠራበት ሐሳብ ጋር የገጠመው 21 በመቶው ብቻ ነው። ሁለትና ሦስት አማራጭ ጎን ለጎን መክፈት በአንድ ክሊክ ይሁን። ሜኑ ውስጥ ከተደበቀ ማንም አይነካውም።

ቁፋሮው ነዳጅ የማግኘት ዕድሉ ስንት ነው ወደሚለው ስሌት እንምጣ። አራት ነገሮች የመኖራቸው ዕድል ይገመታል፦ ምንጭ አለት (ነዳጁ የሚፈጠርበት) 0.8፣ ማከማቻ አለት (ነዳጁን በቀዳዳዎቹ የሚይዝ) 0.7፣ ወጥመድ (ነዳጁ የሚጠራቀምበት የአለት ቅርጽ) 0.6፣ ሽፋን አለት (ነዳጁ እንዳያመልጥ ከላይ የሚዘጋ) 0.5 ተብሎ ተገመተ እንበል። አንዱ በሌላው ላይ የማይመሠረት ከሆነ ይባዛሉ፤ ወደ 17 በመቶ ይመጣል። አለቃው 17ን ብቻ ካየ «አዎ» ወይም «አይ» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም። አራቱንም ካየ ግን ዕድሉን ከሁሉም በላይ ወደ ታች የጎተተው ሽፋኑ እንደሆነ ይገባዋል፤ የሚቀጥለው ጥናት ምን ላይ ማተኮር እንዳለበትም ያውቃል። እያንዳንዱ ቁጥር ሲነካ ማስረጃው ይከፈት፦ የትኛው ጉድጓድ፣ የትኛው የሳይዝሚክ መስመር፣ ማን፣ መቼ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። 0.5 ማለት አንዳንዴ «ማስረጃው ግማሽ በግማሽ ነው» ማለት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ «ምንም መረጃ የለኝም»። ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም። «መረጃ የለም» የሚል የራሱ ቦታ ስጡት።

ከቁፋሮ በኋላ የድሮው ግምት እንዳይታረም አድርጉ። ውጤቱ አጠገቡ ይጻፍ። ጉድጓዶቹ ሲበራከቱ፣ 20 በመቶ ከተባሉት ውስጥ በእርግጥ ከአምስቱ አንዱ ነዳጅ ሰጥቶ እንደሆነ ቁጠሩ።