ለዕቃዎ የሚሆነውን ባርኮድ እንዴት ይመርጣሉ?

ሐዋሳ ውስጥ ሌብል አትማለሁ። በቀደም አንዲት ደንበኛዬ የተቆላ የሲዳማ ቡና የምታሽግበትን ቡናማ የወረቀት ከረጢት ይዛ መጣች። ባርኮዱን በቀይ ቀለም አሳትማዋለች። ለዓይን ያምራል። ሱፐርማርኬት ስትወስደው ግን ካሸሯ ብታገላብጠው፣ ብታቀርብ ብታርቀው ስካነሩ ጭጭ! ሳየው ደግሞ ዓይነቱም የሱፐርማርኬት አይደለም፤ ኮድ 39 የሚባለው የባርኮድ ዓይነት ነው።

1. ማን እንደሚያነበው ይወቁ። ካሸር ነው? የራስዎ መጋዘን ሠራተኛ? ወይስ ካርቶን የሚረከብ ጅምላ ሻጭ? ሌላው ምርጫ ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

2. ለሱፐርማርኬት ኢኤኤን-13 የሚባለውን ባርኮድ ያሠሩ። 13 አሃዝ ብቻ ነው፤ ፊደል አይቀበልም። የአሜሪካው ዩፒሲ 12 አሃዝ አለው። በ1974 እ.ኤ.አ. ኦሃዮ ውስጥ አንድ የማስቲካ ጥቅል ሲሸጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው እሱ ነው። ለትንንሽ ዕቃ ኢኤኤን-8 አለ።

ቁጥሩን ከራስዎ አይፍጠሩ፤ ጂ ኤስ ዋን ከተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ይወሰዳል። ለራስዎ ሱቅ ብቻ ከሆነ ግን በ20 የሚጀምር ቁጥር መጠቀም ይችላሉ። የመጨረሻው አሃዝ ማረጋገጫ ነው። 200000012345ን እንውሰድ። ከግራ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያሉ ጎዶሎ ቦታ ላይ ያሉትን ይደምሩ፦ 8። ሙሉ ቦታ ላይ ያሉት 9 ይሆናሉ፤ በ3 ሲባዙ 27። ድምሩ 35። ቀጥሎ ያለውን በ10 የሚካፈል ቁጥር፣ 40ን፣ ለመሙላት 5 ይጎድላል፤ ስለዚህ 13ኛው አሃዝ 5 ነው። ካሸሯ አንድ አሃዝ ተሳስታ በእጅ ብታስገባ ማሽኑ የሚነቃው በዚህ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች ዕቃው የት እንደተመረተ አይናገሩም። ቁጥሩን የሰጠው የየትኛው አገር ቢሮ እንደሆነ ነው የሚያሳዩት።

3. ለመጋዘንዎ ኮድ 128 ይምረጡ። ኮድ 39 ቁጥር፣ ትልልቅ የላቲን ፊደላትና ጥቂት ምልክቶች ይይዛል፤ ችግሩ ቦታ ይፈጃል። ያው 12 አሃዝ በኮድ 39 ሲጻፍ ከ200 በላይ የቀጭን መስመር ስፋት ሊወስድ ይችላል። ኮድ 128 አሃዞቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ስለሚጽፍ 101 ይበቃዋል። ትንንሾቹን የላቲን ፊደላትም ይቀበላል። እኔ አሮጌ ሲስተም ካላስገደደኝ በቀር ኮድ 39 አልነካም።

ሁለቱም ግን የግዕዝ ፊደል አይገባቸውም። «በርበሬ ግማሽ ኪሎ» ብለው ለማስገባት አይድከሙ። ባርኮዱ ውስጥ ቁጥር ያስገቡ፤ ስሙ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጥ።

4. ለካርቶን አይቲኤፍ-14 አለ። 14 አሃዝ ነው፤ መስመሮቹ ወፍራም ስለሆኑ ሻካራ ካርቶን ላይ በቀጥታ ቢታተሙም ይነበባሉ። ዙሪያውን ያለው ጥቁር ፍሬም ለጌጥ አይደለም፤ ስካነሩ ግማሹን ብቻ አንብቦ እንዳይሳሳት ነው። እባክዎ አያስቆርጡት።

5. ሺህ ከማሳተምዎ በፊት አንድ አትመው ይሞክሩ። ስካነሩን ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ኖትፓድ ይክፈቱና ያስነብቡት፤ ቁጥሩ ልክ በኪቦርድ እንደተጻፈ ይወጣል። የኢኤኤን-13 መደበኛ ስፋት ከነግራና ቀኝ ባዶ ቦታው 37.29 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ80 በመቶ በታች አያሳንሱት። ባዶ ቦታው ላይ ጽሑፍ አይሙሉበት።

ቀለሙ ጥቁር በነጭ ይሁን። ብዙ ስካነሮች የሚያበሩት ቀይ ብርሃን ስለሆነ ቀይ መስመር ለእነሱ እንደ ነጭ ወረቀት ነው። የቡናዋን ባለቤት የጎዳት ይሄው ነው። ከረጢቶቹን አልጣለችም፤ አዲሱን በነጭ ተለጣፊ አትሜላት የድሮው ላይ ለጠፈችበት። እርስዎም እንዲህ ካደረጉ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍኑት። ጫፉ ብቻ ከተሸፈነ ስካነሩ አንዳንዴ እሱን፣ አንዳንዴ አዲሱን ሊያነብ ይችላል።