ቡችላችሁ ከተከተበ በኋላ ቢታመምባችሁ ምን ታረጋላችሁ

ቡችላ ተከትቦ ሲታመም ሁሉም ሰው "ክትባቱ ነው" ብሎ ነው የሚዘጋው፣ እኔም እንደዛ ብዬ ነው አንዱን ያጣሁት። ያኔ ደሴ ሆጤ አካባቢ ነው የምንኖረው፣ ቡችላው ሁለት ወር ገደማ ይሆነዋል፣ ተከተበና በአራተኛው ቀን ማስመለስ ጀመረ፣ እኔ ደግሞ የመርፌው ድካም ነው ይለቀዋል ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ አየሁት። ሐኪም ጋ ስንደርስ አይኑ ጎድጉዷል ድዱ ደርቋል፣ አልተረፈም። ፓርቮ የሚባለው፣ የቡችላን አንጀት የሚያጠቃው ቫይረስ ነበር። ከዛ ወዲህ ያሳደግኳቸው ሁሉ ሲከተቡ መጀመሪያ የማረገው ሰዓቱን ስልኬ ላይ መጻፍ ነው፣ ምክንያቱም ህመሙ ምን እንደሆነ ከምንም በላይ የሚነግራችሁ መርፌው ከተወጋ ስንት ሰዓት ወይ ስንት ቀን እንደሆነው ነው።

ከተወጋ በደቂቃዎች ወይ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ፊቱ ካበጠ፣ በተለይ ከንፈሩና አይኑ ዙሪያ፣ ወይም ጸጉሩ ስር ትንኝ የነከሰው የሚመስል እብጠት ከወጣበትና ራሱን ካከከ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ከተንገዳገደ፣ ድዱ ከነጣ፣ ይሄ አለርጂ ነው፣ እቤት የሚሰራ ነገር የለውም። ወተት ልጋተው ሎሚ ላሽተው የምትሉበት ሰዓት አይደለም፣ ባጃጅ ጠርታችሁ ወደ ወጋው ሐኪም መሮጥ ነው፣ መንገድ ላይ ሆናችሁ ደውሉለት፣ ከባድ ከሆነ የሚያተርፈው አድሬናሊን የሚባለው መርፌ ነው እሱም ቶሎ ሲደርስ ነው። አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱ ሳንባው ይገባል። ለዚህ ነው ተከትቦ ቢያንስ 30 ደቂቃ እዛው ክሊኒኩ በር ላይ ቁጭ በሉ የምለው። ሌላው ደግሞ አርብ ከሰዓት አታስከትቡ፣ ማታ ቢብስበት ቅዳሜና እሁድ ሐኪም ፍለጋ ከተማውን ስትዞሩ ነው የምትውሉት። በሳምንቱ መጀመሪያ ጠዋት ሲሆን ግን ቀኑን ሙሉ ታዩታላችሁ ሐኪሙም ቦታው አለ።

በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀን ደግሞ ከፈዘዘ፣ እንቅልፍ ካበዛ፣ ምግብ ከቀነሰ፣ የተወጋበትን ስትነኩት ከጮኸ፣ እዚህ ጋ አብሽሩ። ሰውነቱ ክትባቱን እየተማረው ነው፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ውስጥ ይለቀዋል። ሙቅ ቦታ አስተኙት፣ የደሴ ብርድ ለትልቅ ሰውም አይሆንም እንኳን ለቡችላ፣ አሮጌ ጋቢ አንጥፉለትና በሃይላንድ ለብ ያለ ውሃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጎኑ አስቀምጡለት፣ ሲሞቀው ዞር የሚልበት ቦታ ግን ተዉለት። ኮምቦልቻ ወይ ባቲ ከሆናችሁ ተቃራኒው ነው፣ ጥላ ያለበት ነፋስ የሚገባበት ቦታ ይሻለዋል። ገላውን ለጥቂት ቀን አትጠቡት፣ ልጆች እያነሱ እንዳያጫውቱት ንገሩ። የተወጋበት ቦታ ትንሽ ጉብታ ቢወጣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ያዙበት፣ አትጭመቁት በመርፌም አትብሱት፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይጠፋል፣ እያደገ ከሄደ ወይ መግል ካወጣ ወይ ሶስት ሳምንት ካለፈው ግን አሳዩት።

ቴርሞሜትር ግዙ፣ ለሱ ብቻ የሚሆን። ጫፉን ቫዝሊን ቀብታችሁ በመቀመጫው ትንሽ ነው የምታስገቡት፣ አንድ ሰው ይያዝላችሁ። የሰው ሙቀት ለምዳችሁ እንዳትደነግጡ፣ ለሰው 39 ትኩሳት ነው ለቡችላ ግን ከ38 እስከ 39.2 ድረስ ጤነኛ ነው። በተከተበ ማግስት ትንሽ ከፍ ቢል ችግር የለውም፣ 40 ከገባ ወይ ደግሞ ከ37.5 በታች ከወረደ ሐኪም ጋ ነው፣ መውረዱን ሰው ንቆ ያልፈዋል እንጂ እንዲያውም የሚብሰው እሱ ነው።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ከሶስተኛው ቀን በኋላ የመጣ ማስመለስና ተቅማጥ፣ በተለይ ደም ያለበትና ከሩቅ የሚሸት ከሆነ፣ የክትባት ድካም አትበሉት። ፓርቮ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን፣ አንዳንዴ እስከ 14 ቀን ድረስ ተደብቆ ይቆያል፣ ስለዚህ በአራተኛው ቀን የታመመው ቡችላ በሽታውን የያዘው ከመከተቡ በፊት ወይ በዛው ሰሞን ነው፣ ክትባቱ ሊደርስለት አልቻለም እንጂ አላመጣበትም። ሌላም ነገር አለ፣ ቡችላ ከእናቱ የመጀመሪያ ወተት ያገኘው መከላከያ ክትባቱንም ጭምር ነው የሚያከሽፈው፣ መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል፣ ለዛ ነው ከ6ኛው ወይ ከ8ኛው ሳምንት ተጀምሮ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየተደገመ 16 ሳምንት እስኪሞላው የሚቀጠለው። አንዴ ተከትቧል ብላችሁ ሜዳ ላይ አትልቀቁት።

ፓርቮ ከጠረጠራችሁ አንድ ሌሊት አታሳድሩት፣ ቫይረሱን የሚገድል መድሃኒት ባይኖርም በግሉኮስ፣ ማስመለሱን በሚያቆም መርፌና ሌላ ኢንፌክሽን በሚከላከል አንቲባዮቲክ ብዙዎቹ ይተርፋሉ፣ የመጀመሪያዎቹን ሶስት አራት ቀናት ማለፍ ነው ትልቁ ነገር። ገጠር ያላችሁ፣ የወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ በብዛት የሚያየው ከብትና በግ ነው፣ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ለትንሽ ውሻ ግሉኮስ የሚሰካ ሰው አለ ወይ በሉ፣ ከሌለ ጊዜ ሳታጠፉ ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ውሰዱት።

እስክትደርሱ ድረስ ውሃ እንዳያልቅበት ነው የምትታገሉት። ድዱን በጣት ተጭናችሁ ልቀቁት፣ ነጭ ሆኖ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልቀላ ወይ ድዱ የሚያጣብቅ ከሆነ ውሃ አልቆበታል። ጤና ጣቢያ ለልጅ ተቅማጥ የሚሰጡት ለምለም አለ አይደል፣ እሱን በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ በጉንጩ በኩል ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ስጡት፣ በየ10 እና 15 ደቂቃው 5 ሚሊ ያህል፣ በአንዴ አትጋቱት። ለምለም ከሌለ አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። እሱንም እያስመለሰ ከሆነ አቁሙ፣ በአፍ አይሆንም ማለት ነው። ሳይበላ ቆይቶ ከተንቀጠቀጠና ከዛለ ስኳሩ ወርዶበት ሊሆን ስለሚችል ትንሽ ማር ድዱ ላይ ቀቡትና መንገዳችሁን ቀጥሉ።

እኛ ቤት እናቴ ውሻ በምላሱ የነካው እቃ ሰባት ጊዜ ታጥቦ አንዱ በአፈር ካልሆነ አትቀበልም፣ ስለዚህ የውሻው ሳህን፣ ሲሪንጁም ጨርቁም ከመጀመሪያው ለብቻው ነው፣ ለዚህ በሽታም እጅግ የጠቀመን ይሄ ልማድ ነው። የፓርቮ ቫይረስ አፈርና ወለል ላይ ወራት፣ አንዳንዴም ከአመት በላይ ይቆያል፣ በጫማም ይዞራል። መጀመሪያ እዳሪውን አንስታችሁ በሳሙና እጠቡ፣ ከዛ አንድ ኩባያ በረኪና በ30 ኩባያ ውሃ አድርጋችሁ አፍስሱና 10 ደቂቃ ይቆይ። አፈር ግቢ ላይ በረኪና ብዙ አይሰራም፣ እዛ ቦታ ሙሉ ክትባቱን ያልጨረሰ ሌላ ቡችላ ለአንድ አመት አታምጡ።

አትስጡ የምላችሁ ነገሮች አሉ፣ ይሄን በደንብ አንብቡልኝ ምክንያቱም በጥሩ ልብ ነው ሰው የሚገለው። ፓራሲታሞል፣ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ለሰው የተሰራ ማንኛውም ማስታገሻ አይሆንም፣ ጉበቱን ሆዱን ኩላሊቱን ይጎዳዋል። ነጭ ሽንኩርት እኛ ጋ ለሁሉም ነገር ነው የሚሰጠው፣ ለውሻ ግን ነጩም ቀዩም የደም ሴሉን ይሰብርበታል። አረቄ በፍጹም። ለበግ የተገዛውን የወስፋት መድሃኒት አልቤንዳዞል በግምት ቆርሶ መስጠትም አለ፣ መጠኑ ካለፈ መቅኔውን ይጎዳል፣ የበግ መዥገር ማጥፊያ ዲያዚኖንም ቡችላ ላይ አይፈስም። የላም ወተት ደግሞ ተቅማጡን ያብስበታል። መብላት ሲጀምር የተቀቀለ ሩዝ ከተቀቀለ ዶሮ ጋር፣ ቆዳና አጥንት ሳይኖረው፣ ጨውና በርበሬ ሳይነካው፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ስጡት፣ ቤት ውስጥ ዶሮ ከሌለ የተቀቀለ እንቁላልም ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ለብቻው ያዙልኝ። ቡችላው ለሃጩን ካዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው፣ መንጋጋው ከተንጠለጠለ ወይ ያለ ባህሪው ከተናከሰ አፉ ውስጥ እጅ አታስገቡ፣ አጥንት ሰክቶበት ነው ብላችሁም አትፈልጉ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ክትባቱ በሽታውን አያመጣም፣ ግን ከመከተቡ በፊት ተነክሶ ከነበረ ሊወጣበት ይችላል፣ ከተከተበም በኋላ ለመስራት ሳምንታት ይፈልጋል። ዝጉበትና ሐኪም ጥሩ። ሰው ከነከሰ ወይ ለሃጩ ቁስል ከነካ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አጥባችሁ በዛው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ፣ ውሻው እስኪታይ አትጠብቁ።

ቡችላው ከዳነላችሁ ቀጣዩን ክትባት አትዝለሉ። ምን እንደሆነና በስንት ሰዓቱ እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፣ አለርጂ ከነበረ አንድ ላይ የሚሰጡትን በተለያየ ሳምንት ሊከፋፍላቸው ወይ አስቀድሞ መድሃኒት ሊሰጠው ይችላል። የክትባቱን ብልቃጥ ላይ ያለውን ስምና ቁጥር ፎቶ አንሱ፣ ከፍሪጅ ነው ወይ የወጣው ብላችሁም ጠይቁ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ መብራት ጠፍቶ የሰነበተ ከሆነ ሌላ ቦታ ብታስወጉ ይሻላል። የወስፋት መድሃኒቱንም ለውሻ የሚሆነውን ከሐኪም ተቀበሉ፣ ቡችላ ወስፋት ከእናቱ ይዞ ነው የሚወለደው፣ ከሁለት ሳምንቱ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይሰጠዋል፣ ሆዱ በወስፋት ተነፍቶ የሚከተብ ቡችላ ክትባቱም በደንብ ላይይዝለት ይችላል።