ስለ ጣና ዳር የቢልሃርዝያ ጥናት ሲደርሳችሁ ከፐርሰንቱ በፊት ይሄን እዩ

ባህር ዳርና ዙሪያዋ ላላችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞች፣ መምህራንና ተመራቂ ተማሪዎች ነው የምጽፈው። ስለ ቢልሃርዝያ ወይ ስለ ሆድ ትላትል የወጣ ጥናት ፒዲኤፉ በቴሌግራም ሲደርሰን ሁላችንም ቀድመን የምናየው ፐርሰንቱን ነው፣ እባካችሁ እሱን ለጊዜው ተዉትና ሰገራው እንዴት እንደተመረመረ የሚናገረውን ክፍል ክፈቱ።

ካቶ ካትዝ በሚባለው ሰገራ ውስጥ ያለውን የትል እንቁላል በማይክሮስኮፕ የመቁጠሪያ ዘዴ ከሆነ አንድ ስላይድ ላይ ያለው ሰገራ 41.7 ሚሊግራም ብቻ ነው። ሰገራው በወንፊት ይጣራል፣ ቀዳዳ ባላት ትንሽ ፕላስቲክ ይለካል፣ ግሊሰሪን ውስጥ በተነከረ ሴሎፎን ተሸፍኖ ይጫናል፣ ከዛ የተቆጠረው እንቁላል በ24 ይባዛና የአንድ ግራም ይሆናል። ዘጌ ያለ አንድ ልጅ 5 እንቁላል ቢገኝበት 120 ማለት ነው፣ ለአንጀት ቢልሃርዝያ ከ100 እስከ 399 መካከለኛ ሲሆን ከ400 ጀምሮ ከባድ ይባላል። ትንሽ ትል ያለበት ልጅ ግን እንቁላሉ ከቀን ቀን ስለሚለያይ ዛሬ ስላይዱ ላይ አንድም ላይታይ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰገራ በአንድ ስላይድ ብቻ ከታየ ነጻ ከተባሉት ውስጥ ትሉ ያለባቸው አሉ ብላችሁ ያዙ። የመንጠቆ ትል ከሆነ ደግሞ ስላይዱ በስንት ደቂቃ እንደታየ ፈልጉ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ እንቁላሉ ግሊሰሪኑ ውስጥ ይጠፋል።

ይሄ ጥቃቅን ነገር እንዳይመስላችሁ! የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ስርጭቱ 10 ፐርሰንትና ከዛ በላይ የሆነበት አካባቢ የቢልሃርዝያ መድሃኒቱ ፕራዚኳንተል በየዓመቱ እንዲሰጥ ይመክራል፣ እንግዲህ በአንድ ስላይድ 8 ፐርሰንት የተባለ ቀበሌ እውነተኛው ቁጥሩ ከ10 በላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፣ ልጆቹ ደግሞ በየዓመቱ የሚሰጠው መድሃኒት ሊቀርባቸው ይችላል።

ቀጥሎ እነማን እንደተመረመሩ እዩ። አብዛኛው ጥናት ተማሪ ላይ ነው፣ አሳ አጥማጁ፣ ደንገል የሚያጭደው፣ ትምህርት ቤት ያልገባው ልጅ የለበትም። ትምህርት ቤቱ ከሀይቁ ምን ያህል እንደሚርቅም አንብቡ፣ የዳሩን ውጤት ለመሀል ከተማው አትስጡ።

ስለ ውሃውና የቢልሃርዝያ ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት ስለሚያድግበት ቀንድ አውጣ የተጻፈ ነገር ካለ እሱን ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ያዩት ወንዙ ዳር ሆነው ነው፣ ሰገራ ብቻ ያየ ጥናት በሽታው የት ቦታ እንደሚያዝ አይነግራችሁም።

መጨረሻ ላይ ምክረ ሀሳቡን ከራሱ ውጤት ጋር አስተያዩት። አልቤንዳዞል ለወስፋትና ለመንጠቆ ትል ነው፣ ቢልሃርዝያን አያድንም፣ ፕራዚኳንተልም ቢሆን ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ልጁ ነገ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ሲገባ አይከላከልለትም። ያልገባችሁ ነገር ካለ የጸሐፊው ኢሜይል አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ፣ ስንት ስላይድ እንዳዩና የትኞቹ ትምህርት ቤቶች እንደሆኑ ጻፉና ጠይቁ።