ስም ሳይገልጹ ወንጀል ሲጠቁሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከፒያሳ እስከ ለገሃር፣ ከአብነት እስከ ካዛንቺስ ባሉት የአዲስ አበባ መሀል ሠፈሮች ወንጀል ሲፈጸም አይቶ ዝም የሚል ሰው ብዙ ነው። ዝምታው ግን ሁልጊዜ ከግድየለሽነት አይመጣም። ከተጠርጣሪው ጋር በአንድ ግቢ የሚኖር፣ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ እድር የተሰበሰበ ሰው የነገውን መፍራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ስም ሳይገልጹ መረጃ የሚሰጥባቸው የስልክ መስመሮች የታሰቡትም ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮ ግዛት አልበከርኪ ከተማ ተጀመረ። በነዳጅ ማደያ ይሠራ የነበረ አንድ ወጣት ተገድሎ ምርመራው ፍንጭ ባጣ ጊዜ፣ መርማሪው ግሬግ ማክአሊስ የወንጀሉ አፈጻጸም ተመስሎ በቴሌቪዥን እንዲቀርብ አደረገ፤ የሚያውቅ ሰው ስሙን ሳይናገር እንዲደውልም ጠየቀ። በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ከቦታው በፍጥነት ሲሸሽ ስላየው መኪና የሚናገር ሰው ደወለ፤ ተጠርጣሪዎቹም ተያዙ። ክራይም ስቶፐርስ የተባለው ይህ አሠራር ወደ ካናዳም ተሻገረ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ በብሪታንያ ተቋቋመ። የአልበከርኪው ደዋይ የሰጠው ስለ አንድ መኪና ያየውን ነው፤ የቀረውን የሠራው ፖሊስ ነው። ስሙን የማይሰጥ ጠቋሚ የሚታመነው በማንነቱ ሊሆን ስለማይችል፣ መረጃው ፖሊስ ራሱ ሄዶ ሊያረጋግጠው የሚችል መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

ጥርጣሬን እንደ መረጃ ማቅረብ

“ያ ልጅ ሌባ ነው፣ ጥቁር ጃኬት ለብሶ ታክሲ መያዣው ጋ ቆሟል” የሚል ጥቆማ ዝርዝር ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን ሰውየውን ለይቶ ከማሳየት በቀር ስለ ወንጀሉ የነገረን የለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ከፍሎሪዳ የመጣን ተመሳሳይ ጉዳይ መርምሯል። ስሙ ያልታወቀ ደዋይ፣ በአንድ አውቶቡስ ፌርማታ የቆመና የተወሰነ ዓይነት ሸሚዝ የለበሰ ወጣት መሣሪያ መያዙን ይጠቁማል፤ ፖሊስ ወጣቱን ፈትሾ መሣሪያ ያገኛል። ፍርድ ቤቱ ግን፣ መሣሪያው ቢገኝም እንኳ፣ ልብስንና ቦታን በትክክል መናገር ደዋዩ ስለ ወንጀሉ ማወቁን አያሳይም በማለት ፍተሻውን ሕገወጥ ብሎታል። ፍርዱ ለኛ ሕግ አይደለም፤ የነገሩ ምክንያት ግን እዚህም ይሠራል። ጠቋሚው መናገር ያለበት ምን እንዳየ፣ የት ቆሞ እንዳየ፣ በዓይኑ ያየውን ከሰማው ለይቶ ነው። “ሦስት ቀን በተከታታይ፣ ማታ፣ የመኪና ስፖኪዮ በማዳበሪያ ተይዞ ወደዚህ ቤት ሲገባ አይቻለሁ” ቢል፣ ፖሊስ አራተኛው ማታ ሄዶ የሚጠብቀው ነገር ያገኛል።

ቦታንና ሰዓትን በደፈናው መናገር

በእኔ ግምት ብዙ ጥሩ ጥቆማ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ከተማችን በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር የምትመራ ስላልሆነች፣ “ሜክሲኮ ጋ” የሚለው ቃል ወደ ለገሃር፣ ወደ ልደታና ወደ ሳር ቤት የሚሄዱትን መንገዶች በሙሉ ይይዛል። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ በፒያሳና በካዛንቺስ ብዙ ነባር ቤቶች ስለፈረሱ፣ “ከድሮው ዳቦ ቤት ወረድ ብሎ” የሚለው አቅጣጫ ለሠፈሩ ሰው እንጂ ለመርማሪው አይገባውም። አሁንም ቆሞ ከሚታይ ነገር፣ ለምሳሌ ከቀላል ባቡር ጣቢያ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከባንክ ቅርንጫፍ መነሣት፣ ከዚያም በቀኝ ወይም በግራ፣ ስንተኛው በር፣ ምን ዓይነት ቀለም እያሉ መዝለቅ ያስፈልጋል።

የሰዓቱ ጉዳይ ከዚህ ይበልጥ ያሳስባል። በየሕንፃው የተተከሉት ካሜራዎች በአብዛኛው የሚቆጥሩት በፈረንጅ ሰዓት ነው። ማታ 3 ሰዓት የተፈጸመ ስርቆት በካሜራው ላይ 21:00 ሆኖ ይገኛል፤ “ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት” የተባለው ደግሞ በካሜራው አቆጣጠር ማክሰኞ 02:00 ነው። ስለዚህ “ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት” ብሎ መናገር መርማሪው የተሳሳተ ቀን ቅጂ ሲያገላብጥ እንዳይውል ያደርጋል።

መኪና ከታየ ከቁጥሩ ጋር ኮዱንና ክልሉን መያዝ ይገባል፤ በነባሮቹ ሰሌዳዎች አንድ ዓይነት ቁጥር በ“አአ”ም በ“ኦሮ”ም፣ በኮድ 2ም በኮድ 3ም ሊኖር ይችላልና። ቁጥሩ ካመለጠ በነባሮቹ ሰሌዳዎች ቀለሙ ብቻውን ይጠቅማል፦ ቀይ ኮድ 1፣ ሰማያዊ ኮድ 2፣ አረንጓዴ ኮድ 3 ነው።

ምስጢሩን ራስ ማባከን

ስምን ፈጽሞ አለመናገርና ስምን ለፖሊስ ተናግሮ በምስጢር እንዲያዝ መጠየቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በብሪታንያ መስመሩን የሚያስተዳድረው ከፖሊስ ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን፣ የደዋዩን ስልክ አይከታተልም። የአዲስ አበባ ፖሊስ ነፃ መስመር የሆነው 991 ግን የድንገተኛ ጥሪም የሚቀበል ነው፤ እኛ የምንይዘው ሲም ካርድም በስማችን የተመዘገበ ነው። ስለዚህ ጠቋሚው ስሙን ለመናገር እንደማይፈልግ ገና ከመጀመሪያው መግለጽ፣ ወይም ስሙን ከሰጠ ተጠርጣሪው ዘንድ እንዳይደርስ በግልጽ መጠየቅ አለበት።

የሚበልጠው አደጋ ግን ከስልኩ አይመጣም። ከደወሉ በኋላ ቡና ላይ ለጎረቤት ማውራት፣ ቪዲዮውን በቴሌግራም መልቀቅ፣ ወይም “እኔ ብቻ ያየሁት” ዓይነት ዝርዝር መናገር ጠቋሚውን ያጋልጣል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 በላይፐርት ጉዳይ፣ ስሙ ያልታወቀ ጠቋሚ የሰጠው መረጃ ለተከሳሹ ተቆራርጦም ቢሆን እንዳይሰጥ የወሰነው፣ ትንሽ የሚመስል ዝርዝር እንኳ ተከሳሹ ጠቋሚውን እንዲለይ ሊያደርግ ይችላል በማለት ነው። በአንድ ፎቅ ላይ ካሉት መስኮቶች መንገዱን የሚያሳየው አንድ ብቻ ከሆነ፣ “ከመስኮቴ አየሁ” ማለት ስምን እንደመናገር ነው፤ ይህንን ለሚቀበለው ፖሊስ አስቀድሞ ማሳሰብ ተገቢ ነው።

መዘግየት፣ ራስ መከታተል

የካሜራ ቅጂ በጊዜ ብዛት በአዲስ ይተካል፤ የተነጠቀ ሞባይልም እጅ በእጅ ይሸጣል። “መጀመሪያ ላጣራ” ብሎ ተጠርጣሪውን መከተልም ሆነ ቤቱን ማንኳኳት ጠቋሚውን ለአደጋ፣ ማስረጃውን ለመጥፋት ይዳርጋል። ወንጀሉ በዚያው ቅጽበት እየተፈጸመ ከሆነ ደግሞ ዝርዝር ለማሟላት ሳይጠብቁ ወዲያው መደወል ያስፈልጋል።

ቂምን በጥቆማ መወጣት

በተከራይና በአከራይ፣ በአበዳሪና በተበዳሪ መካከል ያለ ጠብ ወደ ስም አልባ ስልክ ሲገባ ንጹሕ ሰው ይታሰራል፤ ፖሊስም ቀጣዩን እውነተኛ ጥቆማ በጥርጣሬ ይሰማል። እያወቁ በሐሰት መወንጀል በወንጀል ሕጋችን የሚያስቀጣ ነው። ከሚጠቆመው ሰው ጋር ጠብ ያለው ጠቋሚ መረጃው እውነት ከሆነ ዝም እንዲል አልመክርም፤ ጠቡን ጨምሮ ቢናገር ግን መረጃው በትክክል ይመዘናል።

በአንድ ጥሪ መተው

በክራይም ስቶፐርስ አሠራር ደዋዩ በስሙ ፋንታ የምስጢር ቁጥር ስለሚሰጠው፣ በዚያ ቁጥር መልሶ ደውሎ አዲስ ነገር ይጨምራል። እንዲህ ያለ ቁጥር በማይሰጥበት ቦታ የደወሉበትን ቀንና ሰዓት፣ የጉዳዩንም ዓይነት መዝግቦ መያዝና በሚቀጥለው ጥሪ ማስታወስ ተመሳሳይ ጥቅም አለው።

ጉዳዩ ከባድ ሆኖ ጠቋሚው ምስክር እንዲሆን ቢጠየቅ ደግሞ የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። ጥበቃው የሚሰጠው ወንጀሉ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በሚደርስ ጽኑ እስራት ወይም በሞት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ያለ ጠቋሚው ወይም ያለ ምስክሩ ቃል ሊገለጥ የማይችል ሲሆን፣ በእሱ ወይም በቤተሰቡ ላይም ከባድ አደጋ ይደርሳል ተብሎ ሲታመን ነው። ሕጉ “ጠቋሚ”ን ከምስክር እኩል ስለሚጠቅስ፣ ሥጋት ያለበት ሰው ጥበቃውን ቃሉን ከመስጠቱ በፊት መጠየቅ ይችላል።